ከአሜሪካ የተላከ ጥቁር የዱር ሩዝ፦ እንዴት ይበስላል? ደምቢያ ቢዘራ ይበቅላል? ከፎገራው የዱር ሩዝ ጋርስ ይገናኛል?

የአዘዞው (ጠያቂ)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች፤ ስለ ሩዝ የምታውቁ ብትረዱኝ። 454 ግራም የሚመዝን ፓኬት ከሜኒሶታ ተልኮልን ነበር። ፍሬው ጥቁር፣ ቀጭንና ረጅም ነው፤ ላዩ ላይ «ዋይልድ ራይስ» ይላል። እንደ ነጩ ሩዝ 20 ደቂቃ ቢቀቀል ጥሬ ይሆናል፤ ጥርስ አያስገባም። ሦስት ነገር ልጠይቅ።

አንደኛ፣ ጎንደር ላይ በከሰል ምድጃ እንዴት ነው የሚበስለው? ለፍልሰታ የሚሆን አሠራር ቢኖር ደስ ይለናል። ሁለተኛ፣ ፎገራ ሜዳ ላይ በቦይ ዳርና በኩሬ ውስጥ ራሱ የሚበቅል፣ ረጅም ጢም ያለው ሩዝ አለ። ገበሬው እየነቀለ ይጥለዋል። ይሄና ያ አንድ ናቸው? የፎገራውስ ይበላል? ሦስተኛ፣ ወደ ጣና በኩል ደምቢያ ላይ ውኃ የሚተኛበት የቤተሰብ መሬት አለ። ከፓኬቱ ትንሽ ለዘር ብናስቀር ይበቅል ይሆን?

---

ሥርና ቅጠል

ወንድሜ፣ ከሦስተኛው ልጀምር፤ ለዘር ያስቀራችሁት ካለ ሳይበላሽ ድስት ውስጥ ይግባ። አይበቅልም።

ፓኬቱ ውስጥ ያለው ዚዛኒያ ፓሉስትሪስ የሚባል የውኃ ሣር ፍሬ ነው። አገሩ የሰሜን አሜሪካ ትልልቅ ሐይቆች አካባቢ ነው፤ ሜኒሶታ፣ ዊስኮንሲን፣ ደቡብ ካናዳ። እኛ ሩዝ የምንለው፣ የእስያውም የአፍሪካውም፣ ኦራይዛ ከሚባል ሌላ ወገን ነው። ሁለቱ ወገኖች ዝምድና አላቸው፤ ግን አይዳቀሉም፣ አኗኗራቸውም ለየቅል ነው።

የማይበቅልበት ምክንያት እሳት ነው። ይህ ፍሬ ከተሰበሰበ በኋላ ይታመሳል። የአካባቢው ነባር ሕዝብ የሆኑት የኦጂብዌ ሰዎች በጥንቱ ዘዴ በትልቅ የብረት ማሰሮ ውስጥ ከእንጨት እሳት በላይ እያማሰሉ ያምሱታል፤ ከዚያ ቅርፊቱ እንዲላቀቅ በለስላሳ የቆዳ ጫማ ይረግጡታል፤ በመጨረሻ ከበርች ዛፍ ልጣጭ በተሠራ ሰፌድ ያበጥሩታል። ፋብሪካም በማሽን የሚያደርገው ይህንኑ ነው። የታመሰ ዘር ደግሞ ጽንሱ ሞቷል።

«ያልታመሰ ቢገኝስ?» የምትል ከሆነ፣ እሱም ችግር አለበት። የዚህ ተክል ዘር እንደ ጤፍ ደርቆ በጎታ አይቀመጥም፤ ከደረቀ ይሞታል። በተፈጥሮው ሐይቁ ውስጥ ወድቆ ጭቃ ውስጥ ይቀበርና ክረምቱን ሙሉ በበረዶ ሥር ይተኛል። በሰው እጅ ሲቀመጥም ውኃ ውስጥ እንዳለ፣ ከዜሮ ብዙም ፈቀቅ በማይል ቅዝቃዜ፣ ቢያንስ ለሦስት ወር ያህል መቆየት አለበት። ያለዚያ ከእንቅልፉ አይነቃም። ጣና እንዲህ ያለ ቅዝቃዜ አያውቅም።

ሌላው የውኃው ነገር ነው። ተክሉ የሚወደው ከ15 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር የሚጠልቅ፣ በዝግታ የሚፈስ፣ ከፍታው የማይዋዥቅ ውኃ ነው። በቅሎ ጥቂት ሳምንት ሲሆነው ቅጠሉ እንደ ጥብጣብ ውኃው ላይ ይንሳፈፋል፤ ሥሩ ገና ደካማ ነው። በዚያን ሰዓት ውኃው በድንገት ከፍ ካለ ተክሉን ከጭቃው ነቅሎ ይወስደዋል። የጣና ውኃ ደግሞ ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ከአንድ ሜትር በላይ ከፍ ይላል።

ደግሞም ባይሆንልን ይሻላል። እምቦጭ ጣና ላይ ከታየበት እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ ያደረሰውን ሁላችንም እናውቃለን። ሐይቁና ዙሪያው እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። የውጭ አገር የውኃ ተክል ያለ ኳራንቲን ፈቃድ ወደዚያ ማስገባት አይገባም፤ «ትንሽ ብሞክር ምን አለበት» ተብሎ የሚሞከር ነገር አይደለም።

ስለ አሰባሰቡ የሚገርመውን ልጨምር። የዚህ ተክል ዛላ ከላይ ሴቴ አበባ፣ ከታች ወንዴ አበባ ይይዛል፤ የሚያዳቅለው ነፋስ ነው። ፍሬው አንድ ጊዜ አይደርስም፤ ከዛላው ጫፍ ጀምሮ ወደ ታች ቀስ በቀስ ይበስላል፣ የበሰለውም ወዲያው ይረግፋል። ስለዚህ ማጭድ አይሆነውም። በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም ሁለት ሰው በታንኳ ይገባል፤ አንዱ በረጅም ዘንግ ታንኳዋን ይገፋል፣ ሌላው በአንድ ቀላል ዱላ አገዳውን ወደ ታንኳዋ ያጎነብስና በሌላው መታ መታ ያደርገዋል። የደረሰው ታንኳ ውስጥ ይወርዳል፤ ያልደረሰው ዛላው ላይ ይቆያል፤ ውኃ ውስጥ የወደቀው ለሚቀጥለው ዓመት ዘር ይሆናል። አገዳው እንዳይሰበር ሲባል ሜኒሶታ ውስጥ ዱላው ከ76 ሴንቲ ሜትር እንዳይረዝም፣ ክብደቱም ግማሽ ኪሎ እንዳይሞላ በሕግ ተወስኗል። ግዛቷ እ.ኤ.አ. በ1977 ይህን እህል የግዛቲቱ እህል ብላ አውጃዋለች።

---

ጓዳ

ወንድምዓለም፣ የማብሰሉን ነገር ለእኔ ተውልኝ።

መጀመሪያ ቀለሙን እይ። እንደ ከሰል ጥቁርና የሚያብረቀርቅ ከሆነ በማሳ ተዘርቶ በማሽን የታጨደው ነው፤ ከመታመሱ በፊት እርጥቡን ተከምሮ ስለሚቆይ ይጠቁራል፣ ቅርፊቱም ይጠነክራል፤ ብዙ ጊዜ ይፈልጋል። ቡናማ ወይም ግራጫ፣ ዥጉርጉር ከሆነ ግን ከሐይቅ በእጅ የተሰበሰበው ነው፤ እሱ ቶሎ ይበስላል፣ ከጥቁሩ ግማሽ ጊዜ ይበቃዋል። ያንተ ጥቁሩ ነው።

ሰፌድ ላይ ዘርግተህ ልቀመው። ከፍሬው የወፈረ፣ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ጠንካራ እንክብል ካገኘህ አውጥተህ ጣለው፤ የሣር እህል ላይ የሚወጣ የፈንገስ እጢ ሊሆን ይችላል፣ መርዝነት አለው። በታሸገ ፓኬት ውስጥ እምብዛም አይገኝም፤ ቢሆንም መልቀም ነው። በሦስት ውኃ እጠበው። ማታ ዘፍዝፈህ አሳድረውና ጠዋት ውኃውን ድፋው።

መጠኑ አንድ ብርጭቆ ሩዝ ለአራት ብርጭቆ ውኃ። ፓኬቱ ላይ 45 ደቂቃ የሚለውን እርሳው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ ውኃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሳይዘፈዘፍ ከ70 እስከ 90 ደቂቃ፣ ከተዘፈዘፈ ደግሞ ከ50 እስከ 65 ደቂቃ ያዝለት። ከሰሉን ብታንቦገቡገው ውኃው ቶሎ ያልቃል እንጂ ሙቀቱ ከዚያ አይጨምርም። አንዴ ከፈላ በኋላ እሳቱን ቀንስ፣ ክዳኑን ግጠም፣ ድስቱ ቀስ እያለ ይንተክተክ። ውኃ ካነሰ የፈላ ውኃ ጨምር፤ ቀዝቃዛ ከጨመርክ ያቋርጠዋል።

መብሰሉን በሰዓት ሳይሆን በዓይን እወቀው። መጀመሪያ ፍሬው ያብጣል እንጂ አይከፈትም። ቀጥሎ ጥቁሩ ልብስ በቁመቱ ይሰነጠቅና ውስጡ ነጭ ግራጫ ሆኖ ይታያል። ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሲሰነጠቅ አንድ ፍሬ አውጥተህ ንከሰው፤ ዳሩ ትንሽ ሊያስቸግር ይችላል፣ መሐሉ ግን ዱቄት ዱቄት ማለት የለበትም። ያኔ አውርድ። ሁሉም ተገልብጦ ጫፍና ጫፉ ወደ ውጭ ከተጠቀለለ አልፎበታል፤ ይላሽቃል፣ ጣዕሙም በውኃው ይወጣል። አውርደህ አጥልለው፤ የተረፈውን ውኃ ለሾርባ ያዘው፣ መዓዛው እዚያ ነው ያለው። አንድ ብርጭቆ ጥሬ ሦስት፣ አንዳንዴም አራት ብርጭቆ ይወጣዋል።

በፕሬዠር ድስት ከሆነ አንድ ለሦስት ውኃ፣ ፊሽካው ከጀመረ 25 ደቂቃ፣ ከዚያ ወርዶ አየሩ በራሱ እስኪወጣ 10 ደቂቃ። ለእኛ ከፍታ ከሁሉ የሚሻለው ይሄ ነው፤ ከሰልም ይቆጥባል።

የሚበላሸው በእነዚህ ነው፦ ቲማቲም ወይም ሎሚ ሳይበስል ከገባበት ቅርፊቱ እንደ ጠነከረ ይቀራል፣ ኮምጣጣ ነገር መጨረሻ ላይ ነው። ከነጭ ሩዝ ጋር አንድ ላይ ከተጣደ ነጩ ገንፎ ይሆናል ጥቁሩ ሳይበስል፤ ለየብቻ ቀቅለህ በኋላ ቀላቅል።

ለፍልሰታ እንዲህ አድርጉት፤ የእህሉ ልክ የጥሬው ነው። አንድ ብርጭቆ የዱር ሩዝ በስሎ የጠለለ፣ አንድ ብርጭቆ የፎገራ ሩዝ ለብቻው የተቀቀለ፣ ግማሽ ብርጭቆ ድፍን ምስር ሳይፈርስ የተቀቀለ። ሁለት ትልልቅ ቀይ ሽንኩርት በቁመቱ ተቆርጦ በአራት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወርቃማ እስኪሆን ይጠበሳል፤ አራት ፍሬ ነጭ ሽንኩርት፣ ሁለት ካሮት በቀጭኑ ተቆርጦ ይገባል፤ ካሮቱ ለስለስ ሲል ሦስቱንም እህል ጨምሮ ማገላበጥ። ጨውና ትንሽ ጥቁር አዝሙድ፤ ቃሪያ ተቆርጦ ከላይ። ክዳን ገጥሞ በረመጥ አምስት ደቂቃ። ለስምንት ሰው ይበቃል። በፍስክ ጊዜ እንደ ቅንጬ በንጥር ቅቤና በኮረሪማ ብቻውን ቢቀርብ እጅግ ይጥማል፤ እንዲያውም ጣዕሙ በደንብ የሚታወቀው ያኔ ነው።

ለልጆች ደግሞ፦ ያልተዘፈዘፈውን ደረቁን አንድ እፍኝ በጋለ ዘይት ውስጥ ብትለቀው በሰከንዶች ውስጥ ይፈነዳል። እንደ በቆሎ ፈንዲሻ አያብጥም፤ ቀጠን ያለ፣ የሚንኮሻኮሽ ነው። ዘይቱ በደንብ ካልጋለ ግን ዘይት ጠጥቶ ይቀራል።

የበሰለውን ጠረጴዛ ላይ አታሳድሩ፤ የሩዝ ነገር ሲያድር ሆድ የሚያውክ ባክቴሪያ ያፈራል። ማቀዝቀዣ ካለ እስከ አራት ቀን ይቆያል። ደረቁ ግን የታመሰ ስለሆነ በተገጠመ ዕቃ ዓመታት ይቀመጣል።

---

የአዘዞው (ጠያቂ)

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁለታችሁም። ዘር ያልነውን ወደ ድስት መልሰናል። አንድ ነገር፦ ለስኳር ሕመምተኛ ይሻላል፣ ፕሮቲኑም ከሥጋ ይስተካከላል ይባላል። እውነት ነው?

---

ጓዳ

ከሥጋ አይስተካከልም። ጥሬው በ100 ግራም 14.7 ግራም ፕሮቲን፣ 6.2 ግራም አሰር፣ 357 ካሎሪ አለው፤ ነጭ ሩዝ ፕሮቲኑ 7 ግራም ገደማ ነው፣ አሰሩም እዚህ ግባ አይባልም። ግን የምንበላው የበሰለውን ነው፤ ውኃ ጠጥቶ ስለሚያብጥ በሳህን ላይ በ100 ግራም 4 ግራም ፕሮቲን ይሆናል። ከነጭ ሩዝ ይሻላል፤ ስታርች ግን ስታርች ነው፣ ስኳር ያለበት ሰው መጠኑን መቁጠር አይቀርለትም። ምስሩን የጨመርኩት በምክንያት ነው።

---

ወረታ ማሳ

ሁለተኛው ጥያቄ ሳይመለስ ቀርቷልና እኔ ልመልስ።

የፎገራው እውነተኛ የሩዝ ወገን ነው። ኦራይዛ ሎንጊስታሚናታ ይባላል፤ የአፍሪካ ተወላጅ ነው። እኛ ሩዝ መዝራት የጀመርነው በእኛ አቆጣጠር በ1970ዎቹ፣ ከሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ጋር በጅግናና በሻጋ ቀበሌዎች ነው፤ ኤክስ-ጅግና የሚባለው ዝርያ ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። የዱሩ ግን ከዚያ በፊትም በጉማራና በርብ ወንዞች ዳር፣ ውኃ በሚተኛበት ሁሉ ነበር። እንዲያውም ሜዳው ለሩዝ እንደሚሆን አንዱ ምልክት እሱ ነው።

ከተዘራው ለመለየት አንዱን ከነአፈሩ በአካፋ አንሳና ሥሩን እጠበው። የተዘራው ሩዝ ጭገር የመሰለ ሥር ብቻ ነው ያለው። የዱሩ ከመሬት በታች ወደ ጎን የሚሄድ፣ ነጭና ወፍራም፣ አንጓ አንጓ ያለው ግንድ አለው፤ ከየአንጓው አዲስ ቡቃያ ይወጣል። ቁመቱ ከሰው ያልፋል፣ ጢሙ ረጅምና ሻካራ ነው፣ ፍሬው ቀጭን፣ ቅርፊቱ ሲፈለፈል ቀይ ነው፤ ነካ ስታደርገው ይረግፋል። ዓመት አልፎ ዓመት ከዚያው ግንድ ይበቅላል።

ገበሬው እየነቀለ መጣሉ ትክክል ነው፤ አነቃቀሉ ላይ ግን ስሕተት አለ። ሰኔ ላይ አፈሩ ሲርስ በማረሻ ሲታረስ ያ ግንድ ይቆራረጣል፤ እያንዳንዱ ቁራጭ አንጓ ካለው ይበቅላል። ማረሻው ጎትቶ ማሳው መሐል ያደርሰዋል። የነቀሉትን እርጥብ ድንበር ላይ መጣልም እንደ መትከል ነው።

የሚሠራው ይህ ነው። ሩዙ ታጭዶ ዋልካው ገና ሳይደድር አረም ያለበትን ቦታ ለይታችሁ በጥልቀት እረሱት፤ ግንዱን በእጅ ልቀሙ፤ የቀረው እስከ ሚያዝያ በፀሐይ ይድረቅ። አንድ ወይም ሁለት ጊዜ መድገም ነው። በዚያ ቦታ ላይ ለአንድ ዓመት ጓያው ወይም ሽምብራው ይቅር፤ ጓያው እርጥበቱን ተጠቅሞ ሲበቅል ግንዱም አብሮ ይተርፋል። መሥዋዕትነት መሆኑን አውቃለሁ፣ ግን ከሦስት ዓመት አረም ይሻላል። የተለቀመውን ጠፍጣፋ ደረቅ ቦታ ላይ አስጥቶ ማቃጠል። ከዚያ ወደ ሌላ ማሳ ከመሄድ በፊት ማረሻውን መጥረግ።

ሲዘራ በመስመር ይሁን፤ በመስመርና በመስመር መካከል 20 ሴንቲ ሜትር። ቡቃያው ገና ሳለ የዱሩን ከተዘራው በቅጠል መለየት ለባለሙያም አስቸጋሪ ነው፤ ከመስመር ውጭ የበቀለውን ሁሉ ግን ያለ ጥርጥር መንቀል ይቻላል። ያመለጠው ዛላ ሲያወጣ ከሩዙ በላይ ብቅ ስለሚል ይታያል፤ ሳይረግፍ መቁረጥ ነው። ይህን ችላ ያለ ሰው መፈልፈያ ማሽን ቤት ያገኘዋል፦ ቀይ ፍሬ የተቀላቀለበት ነጭ ሩዝ ላይ ቀይ መስመር ይቀራል፣ ነጋዴው ዋጋ ይሰብርበታል።

ይበላል ወይ? ይበላል፤ መርዝ የለውም። ችግሩ የሚገኘው መጠን ነው። ተክሉ በራሱ የአበባ ዱቄት አይዳቀልም፣ ከሌላ ተክል የአበባ ዱቄት ካልመጣለት ዛላው ባዶ ይሆናል። አንድ ሰፊ ቁጥቋጦ ሙሉ ከአንድ ግንድ የተባዛ ስለሆነ ብዙው ዛላ አያፈራም። ለመሰብሰብ የፈለገ ጠዋት ጤዛ ሳለ ይሂድ፣ እርጥቡ ያን ያህል አይረግፍም። ዛላውን ሰፋ ያለ ቅርጫት አፍ ላይ አጎንብሶ ማራገፍ፤ ሁለት ሦስት ቀን በሸራ ላይ ማስጣት፤ ጆንያ ውስጥ ከቶ በዱላ በመውቃት ጢሙን መስበር፤ በሙቀጫ በቀስታ መሸክሸክ፤ ከዚያ ማበጠር። ዘነዘናው ከከበደ ፍሬው ቀጭን ስለሆነ ይሰባበራል። ቀይ ሽፋኑ ስላለ አንድ ለሁለት ተኩል ውኃ፣ 45 ደቂቃ ያህል።

---

ሥርና ቅጠል

ለወረታ ማሳ ምስጋና። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን ልጨምር፦ ከማሳ ይጥፋ እንጂ ከሜዳው እንዳይጠፋ። ይህ ተክል ከፎገራ ሩዝ የተሻለ ነገር በውስጡ ይዟል። ሩዝን የሚያደርቀውን የባክቴሪያ በሽታ የሚቋቋም ኤክስ-ኤ-21 የሚባል ዘረመል የተገኘው ከዚሁ ዝርያ፣ ከማሊ ከመጣ ናሙና ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1995 ተለይቶ ወጣ። ቻይናዎች ደግሞ ከተዘራ ሩዝ ጋር አዳቅለውት አንዴ ተተክሎ ለተከታታይ ዓመታት የሚታጨድ ሩዝ አውጥተዋል፤ ፒአር23 ይባላል፣ ዩናን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2018 ለገበሬ ተለቀቀ። ከመሬት በታች ያለው ያ አስቸጋሪ ግንድ ነው ይህን ያስቻለው። ኩሬውና ቦዩ ሁሉ ታርሶ ካለቀ እኛ ጋ ያለው ዘር ሳይጠና ይጠፋል።

---

የአዘዞው (ጠያቂ)

ታዲያ ደምቢያ ባለው መሬታችን ላይ ውኃ የሚተኛበት ጥግ አለ፤ የዱር ሩዙ እዚያም በቅሏል። ለከብት ይሆናል?

---

ወረታ ማሳ

ይሆናል። በበጋ ሌላው ሲደርቅ አረንጓዴ ሆኖ የሚቆይ ስለሆነ ከብት ይወደዋል፤ የፎገራ ከብት በዚህ ዓይነት ረግረግ ግጦሽ ነው የኖረ። ከብቱን ፍሬው ረግፎ ካለቀ በኋላ አስገባ፤ ከዚያ በፊት ከገባ ጢሙ አፉንና ዓይኑን ይወጋዋል፣ ዘሩም በጠጉሩ ተጣብቆ ወደ ማሳህ ይመጣል። መሬቱ በጣም እርጥብ ሳለ አታስገባ፤ ሰኮናው ረግረጉን ያቦካዋል። በጥጉና በሩዝ ማሳህ መካከል ክንድ የሚጠልቅ ቦይ ቆፍርና በየዓመቱ ግንቦት ላይ ግድግዳውን ጥረገው፤ አቋርጦ የመጣ ነጭ ግንድ ካየህ እዚያው ቁረጠው።